ጥፍር ሲላቀቅ፣ ፈንገስን ከመወንጀል በፊት

ደሴ ውስጥ ጥፍሩ የተላቀቀ ሰው ሳይመረመር ውጤቱ ይነገረዋል። "ፈንገስ ነው።" ጎረቤት እንዲህ ይላል። የሥራ ባልደረባም ይላል። መድኃኒት ቤት ያለው ልጅ ደግሞ ከባንኮኒው ማዶ ጣቱን አየት አድርጎ ያንኑ ይደግመዋል። ከዚያ አንድ ቱቦ ቅባት ወይ ፍሉኮናዞል የተባለውን የፈንገስ ኪኒን አንድ ፍሬ ይዞ መውጣት ነው። ሁለት ወር ያልፋል። ጥፍሩ ግን አልዳነም፤ እንዲያውም ገፋ ብሏል። ሰውየውም "የዘንድሮ መድኃኒት አይሠራም" ብሎ ያማርራል።

ጥፋቱ የመድኃኒቱ ላይሆን ይችላል። በሽታው ሌላ ከሆነ የፈንገስ ቅባት ምን ያድርግ?

ፈንገስ ጥፍር ያላቅቃል፣ ይሄ እውነት ነው። ግን ጥፍር የሚያላቅቀው እሱ ብቻ አይደለም። በዓለም ዙሪያ የጥፍር ችግር ይዘው ሐኪም ዘንድ ከሚቀርቡ ሰዎች ፈንገስ የሚገኝባቸው በጥቅሉ ግማሽ ያህሉ ናቸው። የቀሩት ጫማ የጎዳቸው፣ ውሃና ሳሙና የጎዳቸው፣ ሶርያሲስ የተባለው ቅርፊት የሚያወጣ የቆዳ በሽታ ወይም የታይሮይድ (የአንገት ዕጢ) ችግር ያለባቸው፣ የሚወስዱት መድኃኒት ጥፍራቸውን የነካባቸው ናቸው። አልፎ አልፎም ከዚህ የከፋ ነገር አለ። ስለዚህ በግምት የሚታዘዝ የፈንገስ መድኃኒት ሳንቲም ወርውሮ ጎፈር ወይ ዘውድ እንደማለት ነው። ያውም ሦስት ወር የሚዋጥ ኪኒን ላይ።

ነገሩን ለመረዳት ጥፍር እንዴት እንደሚላቀቅ ማየት ይጠቅማል። ጤነኛ ጥፍር ከሥሩ ካለው ሥጋ ጋር ተጣብቆ ነው የሚያድገው። ሮዝ የሚመስለንም የሥጋው ደም በጥፍሩ ውስጥ ስለሚታይ ነው። ጥፍሩ ከሥጋው ሲለያይ በመሀል አየር ይገባል፣ ያ ቦታ ነጭ ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከጫፉ ወይም ከጎኑ ሆኖ ወደ ሥሩ ይገፋል። አብዛኛውን ጊዜ አያምም። ስለማያምም ሰው ዝም ይለዋል። አንዴ የተለያየው ክፍል ደግሞ ተመልሶ አይጣበቅም። አዲሱ ጥፍር ከሥር ተጣብቆ እያደገ እስኪተካው መጠበቅ ነው።

ዋናው ነገር እዚህ ላይ ነው ያለው። በጥፍሩና በሥጋው መሀል የተፈጠረው ክፍተት ጨለማ ነው፣ እርጥብ ነው፣ ቆሻሻ ይይዛል። ለፈንገስም ለባክቴሪያም የተመቸ ቤት ነው። ስለዚህ ፈንገሱ አንዳንድ ጊዜ ጥፍሩን ያላቀቀው ራሱ ነው፤ ሌላ ጊዜ ግን ጥፍሩ በሌላ ምክንያት ከተላቀቀ በኋላ የገባ እንግዳ ነው። እንግዳውን ብቻ ብታስወጡት በሩ ክፍት ስለሆነ ሌላ ይመጣል።

ሁለቱን በዓይን መለየት ይቻል ይሆን? ሙሉ በሙሉ አይቻልም፣ ግን ፍንጭ አለ። እግር ላይ በብዛት የሚገኘው ትራይኮፋይተን ሩብረም የተባለው ፈንገስ የሚበላው ጥፍርና ቆዳ የተሠሩበትን ኬራቲን የተባለ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ በጣቶች መካከል ያለውን ቆዳ ይይዛል። ከዚያ በጥፍሩ ጫፍ ሥር ሾልኮ ይገባል። ሥጋው በምላሹ ይቆጣል፣ ይወፍራል፣ ጠመኔ የመሰለ ፍርፋሪ ያጠራቅማል። ያ ፍርፋሪ ነው ጥፍሩን ከታች ወደ ላይ የሚገፋው። ስለዚህ በፈንገስ የተላቀቀ ጥፍር ብዙ ጊዜ ወፍራም ነው፣ ቢጫ ወይም ቡናማ ነው፣ ሲቆረጥ ይፈረፈራል። በሌላ በኩል ጥፍሩ ራሱ ለስላሳና ስስ ሆኖ፣ ከሥሩም ንጹሕ ሆኖ፣ እንዲሁ ነጭ ብቻ ከሆነ ፈንገስ ከማለታችሁ በፊት ሁለት ጊዜ አስቡ።

ዳገት፣ ላብ እና እርጥብ ካልሲ

እግርን እንይ። ደሴ ከጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች የዳገትና የቁልቁለት ከተማ ናት። ብርዱ ዓመቱን ሙሉ ሽፍን ጫማ ያስለብሳል። ከላይ ሰፈር ወደ ፒያሳ የሚወርድ ሰው በእያንዳንዱ እርምጃ እግሩ ጫማው ውስጥ ወደ ፊት ይንሸራተታል። አውራ ጣቱ ከጫማው ጫፍ ጋር ይጋጫል። አንዱ ግጭት ምንም አይደለም። በየቀኑ፣ ለዓመታት፣ ያውም ጥፍሩ ሳይቆረጥ ሲሆን ግን ጥፍሩን ከሥጋው ቀስ በቀስ ይነቅለዋል። ሁለተኛው ጣት ከአውራ ጣት የሚረዝምባቸው ሰዎች ላይ የሚመታው እሱ ነው። ኳስ ተጫዋቾች ይሄን በደንብ ያውቁታል። ከሥሩ ጠቆር ያለ የደም ምልክትም ሊኖር ይችላል። እንዲህ ላለው ጥፍር መፍትሔው ኪኒን አይደለም። ጣት የሚያላውስ ጫማ መግዛት፣ ጥፍርን አሳጥሮ መቁረጥ፣ ቁልቁለት ሲወርዱም እግሩ ወደ ፊት እንዳይሄድ የጫማውን ክር ጠበቅ አድርጎ ማሰር ነው። ከሰው የሚለገስ ወይም ከሰልባጅ የሚገዛ ጫማ ልኩ ስለማይመረጥ ይሄ ምክር ለሁሉም ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ።

የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ወርዳችሁ ኮምቦልቻ ስትደርሱ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ርቀቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። ከፍታው ግን ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ይላል፤ ሙቀቱም በዚያው ልክ ይጨምራል። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ጨርቃ ጨርቁ አለ፣ ቢራው አለ፣ ብረታ ብረቱ አለ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩም አለ። ሙሉ ፈረቃ ሴፍቲ ጫማ አድርጎ የሚቆም ሠራተኛ እግሩ በላብ ይርሳል። ያንን ካልሲ ማታ አውልቆ ጠዋት መልሶ ያደርገዋል። ጫማውም ሌሊቱን አይደርቅም። በግርድፉ ደሴ ላይ ጥፍሩን የሚጎዳው ግጭቱ ነው፣ ኮምቦልቻ ላይ ላቡ። እርግጥ ነው ብዙ ሰው ሁለቱም አለበት። ቤቱ ደሴ ሆኖ ሥራው ኮምቦልቻ የሆነ ስንት አለ!

ላብ ያለበት እግር የፈንገስ መጀመሪያ ነው። በአራተኛውና በትንሿ ጣት መካከል ያለውን ቆዳ ከፈት አድርጋችሁ እዩት። ነጭ ሆኖ ከተላጠ፣ ካሳከከ፣ ከሸተተ፣ ወይም ውስጥ እግራችሁ ደርቆ ዱቄት የተነሰነሰበት ከመሰለ የእግር ፈንገስ አለ ማለት ሊሆን ይችላል። በዚህ ላይ ወፍራም ቢጫ ጥፍር ከተጨመረ ጥርጣሬው ይጠነክራል። ጥፍሩን ብቻ አክሞ ቆዳውን የረሳ ሰው ደግሞ ገንዘቡን ጥሏል። ፈንገሱ ከቆዳው ተነስቶ ወደ አዲሱ ጥፍር ይመለሳል።

ውዱእን በዚህ የሚያሳብብ ሰው ገጥሞኛል። "በቀን አምስት ጊዜ እግር ታጥቦ እንዴት ፈንገስ አይኖርም?" ይላል። መታጠቡ ጥፋት የለውም፣ ንጽሕና ነው። ጥፋቱ በጣቶች መካከል ያለው ውሃ ሳይደርቅ ካልሲ ውስጥ መግባቱ ነው። ከወገቡ ወይም ከኪሱ ትንሽ ጨርቅ አውጥቶ ጣት ለጣት የሚያደርቅ ሰው ይሄ ጣጣ የለበትም። መታጠቢያው ጋ የሚቀመጠው የጋራ ነጠላ ጫማ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እሱ ከእግር ወደ እግር ፈንገስ ያዛውራል። የሆቴል ሻወር ጫማም፣ ቤት ውስጥ አምስት ሰው የሚፈራረቅበት ሲሊፐርም ከሱ አይለይም።

የእጅ ጥፍር ሌላ ታሪክ ነው

አንዲት እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ እናት መድኃኒት ቤት ገብተው ሁለቱን እጃቸውን ባንኮኒው ላይ ዘረጉ። የሌባ ጣታቸውና የመሀል ጣታቸው ጥፍሮች እስከ ግማሽ ነጭ ናቸው። አንዱ ላይ ነጩ ወደ አረንጓዴ አጋድሏል። ከጫፉ ሥር የደረቀ ሊጥ ተሰግስጓል። በጥፍሩ ሥር ያለችው ስስ ቆዳ ጠፍታለች፣ ዙሪያው አብጦ ያብረቀርቃል። "ሊጡን በምን ያወጡታል?" ተባሉ። ከነጠላቸው ጫፍ የሰኩትን መርፌ ነቅለው አሳዩ። በየማታው ይጎረጉሩበታል። ሶስት ቱቦ ቅባት ጨርሰዋል።

"አብሽሩ እማማ፣ ጣትዎን አያጡም" አላቸው ባለሙያው። "ግን መርፌውን ዛሬውኑ ይጣሉት።"

ልክ ነው። መርፌው፣ ስቴኪኒው፣ የክብሪት እንጨቱ ጥፍሩን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየገፋ ያላቅቀዋል። ቆሻሻ ለማውጣት የተባለው ነገር ለሚቀጥለው ቆሻሻ ቦታ ያሰፋል። ለእኚህ እናት የችግሩ መነሻ ውሃው፣ ሊጡና ሳሙናው ነው። ቀኑን ሙሉ የሚርስ ጥፍር ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል። ይሄ ሲደጋገም ከሥጋው ይለያያል። በረኪናና የልብስ ሳሙና ዱቄት ሲጨመርበት ይብሳል። ከዚያ ካንዲዳ የተባለው ፈንገስ ይገባል። ካንዲዳ እጃቸው ከውሃ የማይወጣ ሰዎችን ጥፍር ይወዳል። ልብስ አጣቢ፣ ምግብ አብሳይ፣ ጠላ ጠማቂ፣ ምግብ ቤት ሳህን አጣቢ፣ ፀጉር አጣቢ ሁሉ እዚህ ውስጥ ናቸው። አረንጓዴው ቀለም ደግሞ ፈንገስም አይደለም። ሲውዶሞናስ የተባለ ባክቴሪያ የሚሠራው ቀለም ነው። የፈንገስ ቅባት እሱን አይነካውም።

እንዲህ ላለው ጥፍር ዋናው ሕክምና ማድረቅ ነው። የተላቀቀውን ክፍል እስከ ደረሰበት ድረስ ሳያደሙ መቁረጥ። ውሃ ሥራ ሲኖር የላስቲክ ጓንት ማድረግ፣ ላስቲኩ እጅን ስለሚያልብ ከውስጡ ስስ የጥጥ ጓንት መጨመር። ጥፍሩ ሥር አለመጎርጎር። ካንዲዳው ከተረጋገጠ መድኃኒቱ ይታከላል፣ ግን ማድረቁ ከሌለ መድኃኒቱ ብቻውን አይበቃም። በጓንት ሊጥ ማቡካት አይመችም የሚሉኝ አሉ። እውነት ነው፣ አይመችም። ቢያንስ እቃና ልብስ ሲታጠብ ይደረግ። ሊጡን ደግሞ ቤት ውስጥ ጥፍሩ ደህና የሆነ ሰው ካለ ለጥቂት ወር እሱ ያቡካው። "ወንድ ሊጥ አያቦካም" የሚል ካለ ጥፍሩ ሲላቀቅ ያየዋል።

የውበት ሳሎኖችም ድርሻ አላቸው። ደሴም ኮምቦልቻም አርቴፊሻል ጥፍርና ጄል ማሠራት በጣም ተለምዷል። ችግሩ ሁለት ነው። ረጅም ጥፍር ሲመታ እንደ ማንሻ እንጨት ሆኖ ጥፍሩን ከሥሩ ይፈነቅላል። ማስለቀቂያው አሴቶንና ሞረዱ ደግሞ ጥፍሩን ያሳሳል። አንዳንዷ ሴት በማጣበቂያው ውስጥ ላለው ኬሚካል አለርጂ ይኖራታል፤ ያኔ ጣቷ ያሳክካታል፣ ጥፍሯ ይነሳል። ያንን ነጭ ለመደበቅ ሌላ ጄል ይደረግበታል። ከሥሩ የሚሆነውን ማንም አያይም።

ወሎ ላይ ሂናና እንሶስላ የቆየ ወግ ነው፣ ለሠርግም ለኢድም። ጥፍር አያላቅቁም። ግን ቀለማቸው ነጩንም ቢጫውንም ይሸፍነዋል። ሐኪም ዘንድ ለመሄድ ያሰበች ሴት ጥፍሯን ቀለም ሳትነካው ብትሄድ ይመረጣል። ቀለሙ ቶሎ እንዲጠቁር ተብሎ ሂና ላይ የፀጉር ቀለም መቀላቀል ግን ይቅር። ቆዳ ያቃጥላል፣ ውሃ ያስቋጥራል።

ማይክሮስኮፑ እያለ

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ልምጣ። ጥፍር ላይ ፈንገስ መኖሩን ለማየት ውድ ማሽን አያስፈልግም። ከተላቀቀው ጥፍር ሥር፣ በተለይ ወደ ውስጥ ጠለቅ ካለው ቦታ፣ ፍርፋሪው ይፋቃል። መስታወት ላይ ይደረጋል። ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ጠብ ይደረግበታል። ይሄ ፈሳሽ ኬራቲኑን ያሟሟውና ፈንገሱ ብቻ ይቀራል። ከዚያ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቅርንጫፍ ያለው ክር መስሎ ይገኛል። ማይክሮስኮፕ ደግሞ ለወባና ለሰገራ ምርመራ ሲባል ጤና ጣቢያ ላይ ሳይቀር የተለመደ መሣሪያ ነው። የጎደለው እቃው ሳይሆን የሚያዘው ሰውና የሚጠይቀው ታካሚ ነው ብዬ አስባለሁ። ማን ለጥፍር ብሎ ወረፋ ይጠብቃል? "ጥፍር እኮ ነው!" እንላለን። ከዚያ ለዚሁ "ጥፍር እኮ ነው" ላልነው ነገር ጉበት የሚነካ ኪኒን በግምት እንውጣለን።

ምርመራው እንከን የለውም ማለቴ አይደለም። ፍርፋሪው ከጫፉ ብቻ ከተወሰደ ወይም ታካሚው ከሰሞኑ የፈንገስ ቅባት ሲቀባ ከነበረ ፈንገሱ እያለ "የለም" ሊል ይችላል። ስለዚህ ለምርመራ የምትሄዱ ከሆነ ቅባቱን አስቀድማችሁ አቁሙ፤ ለስንት ጊዜ እንደሆነ ባለሙያውን ጠይቁ። ጥርጣሬው ጠንካራ ከሆነ መድገም ነው። የፈንገሱን ዘር ለይቶ ለማወቅ ካልቸር ይሠራል፣ ማለትም ፈንገሱ ላብራቶሪ ውስጥ እንዲያድግ ይደረጋል፣ እሱ ሳምንታት ይፈጃል። የተቆረጠ የጥፍር ቁራጭ ለፓቶሎጂ (የሰውነት ናሙና ለሚመረምር ክፍል) ልኮ ማስመርመርም ይቻላል። ደሴ ሰው በዚህ በኩል ዕድለኛ ነው። ሪፈራል ሆስፒታሉ ከተማው ውስጥ አለ። ከከተማው ወጣ ብሎ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ደግሞ በሥጋ ደዌና በቆዳ ሕክምና ለረጅም ዘመን የታወቀ ነው። ከሩቅ ወረዳ ሰው ተነስቶ የሚመጣበት ቦታ አጠገብ ተቀምጦ በግምት መታከም አይገባኝም።

ዘሩን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? መድኃኒቱ ይለያያላ። ለእግር ጥፍር ፈንገስ በአብዛኛው የሚመረጠው ተርቢናፊን ነው። ለአዋቂ 250 ሚሊግራም በቀን አንዴ፣ ለእጅ ጥፍር 6 ሳምንት፣ ለእግር ጥፍር 12 ሳምንት። ካንዲዳ ላይ ግን ተርቢናፊን ደካማ ነው። ለሱ ኢትራኮናዞል ወይም ፍሉኮናዞል ይሻላል። ፍሉኮናዞል ለጥፍር ሲታዘዝ በሳምንት አንዴ ሆኖ ለወራት ነው የሚወሰደው። አንድ ፍሬ ወስዶ ጥፍር ይድናል ብሎ መጠበቅ ክረምቱን በአንድ ቀን ዝናብ እንደመቁጠር ይሆናል። ቅባቱም ቢሆን፣ ክሎትሪማዞል የመሳሰለው፣ ለቆዳ ጥሩ ነው፤ ጠንካራውን ጥፍር ሰብሮ ግን አይገባም። ለጥፍር ተብለው እንደ ቀለም የሚቀቡ መድኃኒቶች አሉ። እነሱ የሚረዱት ጉዳቱ ጫፉ ላይ ብቻ ሲሆን ነው፣ ያውም አንድ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ተቀብተው።

ኪኒኑ ተመርምሮ፣ ታዝዞ ከተወሰደ ደህና ነው። ከአሥር ሰው ሰባት ያህሉ ላይ ፈንገሱ ይጠፋል። ጥፍሩ ሙሉ በሙሉ እንደ ድሮው የሚሆንላቸው ግን ከዚያ ያነሱ ናቸው። ይሄንን አስቀድሞ የሚነግር ሐኪም ታካሚውን ከብዙ ብስጭት ያድነዋል። የጉበት ችግር ያለበት ሰው፣ እርጉዝ ሴት፣ የምታጠባ እናት ያለ ሐኪም አይንኩት። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ይንገር፤ ሪፋምፒሲን የፈንገስ መድኃኒቶችን ከሰውነት ቶሎ ያስወጣል። የልብ ድካም ያለበት ሰው ኢትራኮናዞል አይሆነውም። የደም ማቅጠኛ፣ የኮሌስትሮል ወይም የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስድም እንዲሁ መናገር አለበት። ኪኒኑን እየወሰዱ ዓይን ቢጫ ከሆነ ወይም ሽንት ጠቆር ካለ ማቆምና ቶሎ መታየት ነው።

ለጥፍር ብሎ ኬቶኮናዞል የተባለውን የፈንገስ ኪኒን የሚሰጣችሁ ካለ አትቀበሉ። በ2013 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ጉበት ስለሚጎዳ ለቆዳና ለጥፍር ፈንገስ መዋል እንደሌለበት አስጠንቅቋል። የአውሮፓው ተቆጣጣሪም በዚያው ዓመት ኪኒኑ ከገበያ እንዲታገድ መክሯል። ሻምፑውና ቅባቱ በዚህ ውስጥ የሉም።

አንድ ሌላ ቱቦም አለ፣ በየመድኃኒት ቤቱ በደንብ የሚሸጥ። የፈንገስ መድኃኒት፣ አንቲባዮቲክና ጠንካራ ስቴሮይድ በአንድ ላይ የያዘ ቅባት። ሰው የሚወደው ማሳከኩን ቶሎ ስለሚያስታግስ ነው። ስቴሮይዱ ግን የቆዳውን መከላከያ ያዳክማል፣ ፈንገሱም ከሥሩ ይስፋፋል፣ መልኩም ይለወጣል። ሐኪም እንኳ ጭርት (የቆዳ ፈንገስ) መሆኑን እስኪስት ድረስ። ሕንድ ውስጥ ተርቢናፊን የማይበግረው የቆዳ ፈንገስ ተስፋፍቶ ወደ ሌሎች አገሮችም ተሻግሯል። እንዲህ ያሉ ቅይጥ ቅባቶች ያለ ማዘዣ መሸጣቸው ለዚያ አስተዋጽኦ እንዳደረገ የሚያምኑ የዘርፉ ባለሙያዎች ብዙ ናቸው። እኛ ጋ እስኪደርስ ባንጠብቅ ደስ ይለኛል።

ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ፌጦ የሚሉም አሉ። ሎሚ ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መቀመጥ ቆዳ ያቃጥላል፣ የተቀጠቀጠ ነጭ ሽንኩርት አስሮ ማደርም እንዲሁ። ሌላ የምለው የለኝም።

ጥፍሩ ሌላ ነገር ሲናገር

ፈንገስም ጫማም ውሃም ያልሆነው ጥፍር ትንሽ ነው፣ ግን መታወቅ አለበት። ጥፍሩ ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች ካሉ፣ ክርናችሁ ወይም ራሳችሁ ላይ ቅርፊት ያለው ቁስል ካለ ሶርያሲስ ሊሆን ይችላል። ክብደት ሳይፈልጉት ከቀነሰ፣ ልብ ከደለቀ፣ እጅ ከተንቀጠቀጠ፣ የቀለበት ጣት ጥፍርም ከተላቀቀ ታይሮይድ ይታይ። ዶክሲሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ እየወሰዱ ፀሐይ ላይ የዋሉ ሰዎች ጥፍራቸው በአንዴ ሊላቀቅ ይችላል፣ ያማልም። አንዳንድ የካንሰር መድኃኒቶችም ያላቅቃሉ። ነጩ ከጫፉ ሳይሆን ከጥፍሩ ሥር ከጀመረ ደግሞ የሰውነት መከላከያ መዳከም ምልክት ሊሆን ስለሚችል የኤችአይቪ ምርመራ ማድረግ ብልህነት ነው።

ስኳር ያለበት ሰው ግን ለብቻው ይነገረው። ለሱ ወፍራም የእግር ጥፍር የመልክ ጉዳይ አይደለም። ስሜቱ በደነዘዘ እግር ላይ ጥፍሩ ጎረቤት ጣትን ይቆርጣል፣ በተሰነጠቀው ቆዳ ባክቴሪያ ይገባል፣ ቁስሉ እግር እስከ መቁረጥ ሊያደርስ ይችላል። በምላጭ የራሱን ጥፍር አይቁረጥ። ለክትትል በሄደ ቁጥር ጫማውን አውልቆ እግሩን ያሳይ፣ ባይጠየቅም።

በአንድ ጥፍር ላይ ብቻ የሆነ፣ ለወራት የቆየ፣ የሚደማ ወይም ከሥሩ ሥጋ ያበቀለ ነገር በግምት አይታከምም። ጥቁር መስመርም እንዲሁ። እኛ ጥቁር ሰዎች ብዙ ጥፍሮቻችን ላይ ጠቆር ያሉ መስመሮች ሊኖሩን ይችላል፣ አብዛኛው ምንም አይደለም። በአንድ ጥፍር ላይ አዲስ የመጣ፣ እየሰፋ የሚሄድ፣ ዙሪያውን ቆዳ ማጥቆር የጀመረ ከሆነ ግን ሜላኖማ የተባለው የቆዳ ካንሰር መሆን አለመሆኑ መረጋገጥ አለበት። ቦብ ማርሊን የገደለው ይሄው ነው። በ1977 እ.ኤ.አ. በእግሩ አውራ ጣት ጥፍር ሥር ተገኘበት፤ መጀመሪያ የኳስ ጉዳት ነው ተብሎ ነበር። በ1981 በ36 ዓመቱ ሞተ።

የቀረው ትዕግሥት ነው። የእጅ ጥፍር በወር 3 ሚሊ ሜትር ገደማ ያድጋል፣ ሙሉ ለሙሉ እስኪተካ ግማሽ ዓመት ይወስዳል። የእግር አውራ ጣት ጥፍር ከዚያ በግማሽ ይዘገያል፤ ከ12 እስከ 18 ወር ይፈልጋል። ስለዚህ የሦስት ወሩን ኪኒን ስትጨርሱ ጥፍሩ ገና አስቀያሚ ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ "አልሠራም" ብሎ ሌላ መድኃኒት ይጀምራል። አዲስ ኪኒን ከመግዛታችሁ በፊት ሥሩን እዩ። ከሥር የሚመጣው ጥፍር ስስና ጥርት ያለ ከሆነ መድኃኒቱ ሠርቷል ማለት ነው፣ አሮጌው እያደገ ተቆርጦ ይሄዳል። መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት በጤነኛውና በታመመው የጥፍሩ ክፍል መሀል ያለው ድንበር እንዲታይ አድርጋችሁ በስልክ አንድ ፎቶ አንሱ፤ ከሁለት ከሦስት ወር በኋላ ሌላ አንሱና አወዳድሩ። እስከዚያው ሁለት ጫማ ያለው እያፈራረቀ ያድርግ፣ ያልተደረገው ፀሐይ ላይ ይዋል። ካልሲው በየቀኑ ይቀየር። የቤቱ ሰው ሁሉ የየራሱ ጥፍር መቁረጫ ይኑረው፤ በተለይ እግሩ የሚያሳክከው ሰው ካለ እሱም አብሮ ይታከም።